የተሰነጠቀ ዳሽቦርድ፦ ምንጣፍ፣ ስቱኮ፣ ሌዘር ወይስ ያገለገለ?

ኮሮላ ዲኤክሴን ስገዛ ዳሽቦርዱ ላይ ፎጣ ተነጥፎ ነበር። ሻጩ «ለፀሐይ ነው» አለኝ። ቤት ገብቼ ሳነሳው ከመስታወቱ ሥር ተነስቶ እስከ ተሳፋሪው በር የሚሄድ ስንጥቅ አገኘሁ። ጣት ያስገባል። ከሥሩ ያለው ቢጫ ስፖንጅ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል።

የዳሽቦርዱ ቆዳ ፒቪሲ ነው። የሚያለሰልሰው ኬሚካል በሙቀት ቀስ በቀስ ይተናል። የፊት መስታወት ከውስጥ ቅባት የመሰለ ጉም የሚይዘው በከፊል በዚሁ ነው። ከዚያ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰበሰባል፣ ይተረተራል። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት ብላችሁ አትዘናጉ። 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት። በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ከአሮጌዎቻችን ጋር ተፋጠን ቀርተናል።

ብር አልጠራም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል። ከርካሹ ልጀምር።

ምንጣፍ በአምስት ደቂቃ ይነጠፋል። ስንጥቁን አያድንም፤ ይሸፍናል፣ እንዳይብስም ፀሐይ ይከላከላል። የመስታወቱንም ነጸብራቅ ይቀንሳል። ልትሸጡ ከሆነ ግን ከእኔ የነቃ ገዢ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው።

ስቱኮ የእኔ ጥፋት ነው። ባቲላሜራ ጋ ወሰድኩት። ለላሜራ የሚጠቀምበትን ስቱኮ ሞላው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈቀፈቀው፣ ጥቁር ቀለም ረጨው። ሲያስረክበኝ ያምር ነበር። ዳሽቦርድ ግን ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል፤ ስቱኮ ደግሞ ግትር ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ስንጥቁ እዚያው መስመር ላይ ተመለሰ። የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ከሆነና ለፕላስቲክ ባምፐር የሚሆነውን፣ የሚተጣጠፈውን ዓይነት ካገኛችሁ ያዋጣል። ያኔም ቢሆን የቆዳው ሽብሽብ መልክ የተሞላው ቦታ ላይ ይጠፋል።

ቀጥሎ ሌዘር አለበስኩት፤ እስከ ዛሬም ይዟል። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ «ትፈቱታላችሁ ወይ?» ነው። ሳይፈታ የሚለጥፍ ባለሙያ ጠርዙን ወደ ውስጥ ማጠፍ ስለማይችል ቶሎ ይላቀቃል። ሁለተኛው ማስቲሹ ነው። ተራው የጫማ ማስቲሽ ፀሐይ ሲያገኘው ይለቃል፤ መጀመሪያ የሚነሳው ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ነው። ሙቀት የሚችል መሆኑን አረጋግጡ። ቀለሙ ጥቁርና የማያብረቀርቅ ይሁን። ክሬም ካስመረጣችሁ ከሰዓት በኋላ መስታወቱ ላይ የምታዩት መንገዱን ሳይሆን ዳሽቦርዳችሁን ነው።

ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ እያንዳንዱን ሽቦ በስልኬ አነሳሁ። ሲገጠም ሦስት ብሎን ተረፈ። «ትርፍ ነው ጋሼ» አለኝ ልጁ። ኮብልስቶን ላይ ስሄድ አሁንም አንድ ነገር ይንኳኳል።

ያገለገለ ዳሽቦርድ አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ትፈልጋላችሁ። ጥሩ ከተገኘ ከሁሉም ይሻላል፤ ፋብሪካው የሠራው መልክ ይመለሳል። ግን እሱም የእናንተን ያህል ፀሐይ ጠጥቷል። ወደ ብርሃን አውጥታችሁ በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። ለስለስ ብሎ ከተመለሰ ውሰዱ፤ ደርቆ ከተንጣጣ ተዉት። የብሎን ማሰሪያ ጆሮዎቹ አለመሰበራቸውንም እዩ።

አሜሪካ በየሞዴሉ ተሠርቶ የሚሸጥ፣ በሲሊኮን የሚጣበቅ የፕላስቲክ ሽፋን አለ። እዚያ ላላችሁ ጥሩ አማራጭ ነው። ለእኛ ግን ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

አሁን ኤርባግ። ዲኤክስ ስለሌለው ነው ሌዘሩን የደፈርኩት። የእናንተ መኪና ተሳፋሪው ፊት «ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ ካለበት፣ እዚያ ላይ ሌዘርም ስቱኮም የፕላስቲክ ሽፋንም አይታሰብ። በአደጋ ጊዜ የሚከፈትበትን መንገድ ይዘጋል። ለእናንተ የሚቀረው ያገለገለ መለወጥ፣ ወይም ያንን ቦታ ትቶ የተቆረጠ ምንጣፍ ነው።

ላቫጆ ላይ የሚቀቡላችሁ ማብረቅረቂያ ስንጥቅ አይደፍንም፤ መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል እንጂ። እኔ «አትቀባ» ማለት ለምጃለሁ።

ፎጣውን አልጣልኩትም። ፀሐይ ላይ ሳቆም ሌዘሩ ላይ አነጥፈዋለሁ። ለፀሐይ ነው።