ፎርት ስሚዝ የተጫወተው የፍሎረንስ ፕራይስ ሲዲ

መጀመሪያ የደረሰኝ የገና መዝሙር ነበር።

ያገለገለ ሲዲ በኢንተርኔት አዝዤ ነው። ሽፋኑ ልክ ነው። የጥቁር አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ደራሲ የፍሎረንስ ፕራይስ ሲምፎኒ (ለኦርኬስትራ የተጻፈ ረጅም ሙዚቃ) ቁጥር 1 እና ቁጥር 4። ኦርኬስትራው ፎርት ስሚዝ ሲምፎኒ፣ መሪው ጆን ጄተር፣ አሳታሚው ናክሶስ። ሳጫውተው ግን ሕፃናት ስለ በረዶ ይዘምራሉ። ያውም በሐምሌ! ለሻጩ ጻፍኩለት። አራት ዶላሬን መለሰልኝ፣ «ሲዲው እዚያው ይቅር» አለኝ። አዲሱን ከሌላ ቦታ ገዛሁ። አሁን ሁለት ሽፋን፣ አንድ ፕራይስና አንድ ያልጠየቅኩት የገና ስጦታ አለኝ።

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ መኖሪያ ሕንፃ የሌሊት ጥበቃ ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ትንሽ ሬዲዮ አለች። ክላሲካል መስማት የጀመርኩት ወድጄ አይደለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሚያወራ ሰው ያስተኛኛል። ሙዚቃ ግን ያነቃኛል። ሕንፃው ውስጥ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህር አሉ፤ እንቅልፍ የላቸውም። ካፖርታቸውን ደርበው ይወርዱና አጠገቤ ቁጭ ይላሉ። አስተዋዋቂው ከመናገሩ በፊት «ይሄን ማን ጻፈው?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔ ሁልጊዜ «ቤትሆቨን» እላለሁ። እሳቸው ይስቃሉ። ከአራተኛ ፎቅ ደግሞ አንዲት ነርስ አለች። ከፈረቃ ስትመለስ በዚያው ትቆማለች። በልጅነቷ ክላርኔት ትጫወት ነበር። እንዲህ ሆነን ሦስታችን ሲዲና ሸክላ መዋዋስ፣ መጨቃጨቅም ጀመርን። የምንጨቃጨቀው ደግሞ ማንም በማይሰማቸው አሜሪካውያን የሙዚቃ ደራሲዎች ላይ ነው።

ወደ ሲዲው ልምጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2009 ከቺካጎ በስተደቡብ ሴይንት አን በምትባል ትንሽ ከተማ ሰዎች አንድ ወና ቤት ገዝተው ሊያድሱ ገቡ። ዛፍ ወድቆ ጣሪያውን በስቶታል። ባልረጠበው የቤቱ ክፍል ግን ክምር ወረቀት አገኙ፤ ኖታ፣ ደብዳቤ፣ የግል ወረቀት። ብዙው ላይ ፍሎረንስ ፕራይስ የሚል ስም አለ። ቤቱ ፕራይስ በበጋ የሚቀመጡበት ቤታቸው ነበር። ሴትዮዋ በ1953 ነው የሞቱት። ማለት ከሃምሳ ዓመት በላይ ያ ወረቀት ዝናብና አይጥ እየጠበቀ ተቀምጧል። ከክምሩ ውስጥ ሁለት የቫዮሊን ኮንሰርቶ፣ ማለት ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትባቸው ሥራዎች፣ እና ይሄ አራተኛው ሲምፎኒ ወጡ። ወረቀቱ ዛሬ አርካንሳ ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው።

አርካንሳ መግባቱ ያጋጣሚ አይደለም። ፕራይስ በ1887 የተወለዱት እዚያው አርካንሳ ግዛት፣ ሊትል ሮክ ከተማ ነው። ቦስተን ሄደው ኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ የሚባል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1927 ወደ ቺካጎ ተሰደዱ፤ ተሰደዱ ስል አውቄ ነው፣ የደቡቡን ዘረኝነት ሸሽተው ነውና። ድምፅ አልባ ፊልም ሲታይ ኦርጋን እየተጫወቱ ልጆቻቸውን አሳደጉ። የመጀመሪያውን ሲምፎኒ የጀመሩት እግራቸው ተሰብሮ ቤት በዋሉበት ጊዜ ነው። እግር እስኪሰበር ድረስ ጊዜ የሌላት እናት! ሲምፎኒው በ1932 ለጥቁር የሙዚቃ ደራሲዎች የሚሰጠውን የዋናሜከርን ሽልማት አገኘ፤ 500 ዶላር። በሰኔ 1933 ደግሞ ቺካጎ ሲምፎኒ በፍሬደሪክ ስቶክ መሪነት ተጫወተው። የአንዲት ጥቁር ሴት ሲምፎኒ በትልቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ ሲቀርብ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ ዝምታ። በ1943 ለቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪ ለኩሴቪትስኪ ጻፉለት። ደብዳቤው የሚጀምረው ሁለት ጣጣ አለብኝ በሚል ነው፤ ፆታዬና ዘሬ። ኩሴቪትስኪ አንድም ሥራቸውን አላቀረበም። አራተኛውን ሲምፎኒ በ1945 ጻፉ። በሕይወታቸው ሳይሰሙት ሞቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በ2018 ነው። የተጫወተውም ቦስተን፣ ኒው ዮርክ ወይም ቺካጎ አይደለም። ፎርት ስሚዝ ነው።

ፎርት ስሚዝ የት ነው? እኔም በካርታ ነው የፈለግኳት። አርካንሳ ምዕራብ ጫፍ ላይ፣ ኦክላሆማ ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት። ኦርኬስትራዋ ከ1923 ጀምሮ አለ። ጄተር ቀድሞም የሌላውን ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ የዊልያም ግራንት ስቲልን አምስት ሲምፎኒዎች በሦስት ሲዲ ለናክሶስ አስቀርፏል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ቀን ሞቅታ አይደለም። ይሄ ሲዲ በ2019 ወጣ።

አሁን ድምፁ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ስሰማው ቅር ብሎኝ ነበር። የቁጥር 1 የመጀመሪያው ክፍል ላይ ቫዮሊኖቹ ወደ ላይ ሲወጡ ይሳሳሉ። በጆሮ ማዳመጫ ከሰማችሁት አንዳንድ ቦታ ክሩ ይታያል። ግን ባሱን የሚባለው ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ አንድ ዜማ ይዞ ሲነሳ እጄ ላይ ያለውን ስልክ አስቀመጥኩ። አምስት ድምፅ ብቻ ያለው ዜማ ነው። ትዝታ ነው አልልም፣ አይደለምም። በአምስት ድምፅ ያደገ ጆሮ ግን ባዕድ አይሆንበትም። ቤት ገብቼ ጫማ እንዳወለቅኩ ነው የተሰማኝ።

ሁለተኛው ክፍል ለብቻው የሲዲውን ዋጋ ይመልሳል። ትራምፔቱ፣ ሆርኑ፣ ትሮምቦኑ ተሰብስበው መዝሙር ይዘምራሉ። ቃል የለውም፣ ግን ቃል ያለው ይመስላል። የቤተክርስቲያን መዘምራን ቆመው፣ ትንፋሽ ስበው፣ አንድ ስንኝ ጨርሰው ዝም እንደሚሉት። በመሐል የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎቹ፣ እነ ክላርኔት፣ ይመልሳሉ። ወደ መጨረሻው ደወል ይገባል፣ ክላርኔቱም በላዩ ይሮጣል። ነርሷ እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ጣቶቿን ጠረጴዛዬ ላይ ታንቀሳቅሳለች። የፎርት ስሚዝ ትንፋሽ ተጫዋቾች እዚህ አይቸኩሉም። አንዳንዶቹ እሑድ እሑድ ቤተክርስቲያን የሚጫወቱ ይመስለኛል። ማስረጃ የለኝም፤ ጆሮዬ ነው የሚለኝ።

ሦስተኛው ክፍል «ጁባ» ይባላል። የደቡብ ሱዳኗን ከተማ አታስቡ። በባርነት ዘመን ብዙ ቦታ ከበሮ ተከልክሎ ነበር። ሰዎቹ ጭናቸውን፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ እያጨበጨቡ፣ መሬቱን በእግራቸው እየደቁ የሚጨፍሩት ነው ጁባ። ፕራይስ ያንን ወስደው ለመቶ ሰው ኦርኬስትራ ሰጡት። ሲምፎኒው ውስጥ የአፍሪካ ከበሮ አለ፤ በመሐል የሚንሸራተት ፉጨት እንኳን ይሰማል። ፉጨቱን መጀመሪያ ስሰማ የሕንፃው በር መስሎኝ ተነስቻለሁ።

እዚህ ጋ ነው ጭቅጭቃችን። ነርሷ የፊላደልፊያን ቅጂ ትመርጣለች። ፊላደልፊያ ኦርኬስትራ በያኒክ ኔዜ-ሴጋን መሪነት ቁጥር 1ን እና ቁጥር 3ን በ2021 አውጥቷል፣ ግራሚም አግኝቶበታል። እውነቷን ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል እዚያ ሌላ ዓለም ነው። ቫዮሊኖቹ እንደ ሐር ናቸው። ጁባውን ግን እኔ አልቀበልም። በጣም ያምራል። ጭፈራ ልብስ ሲበዛበት አያችሁ? እንደዚያ ነው። ፎርት ስሚዝ ላይ ላብ አለ። «አንተ የምታዝንለትን ነው የምትወደው» ትለኛለች ነርሷ። ሊሆን ይችላል።

ቁጥር 4 ላይ ግን ወደኋላ አልልም። ፊላደልፊያ እሱንም በ2023 ከሌላው ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ ከዊልያም ዶውሰን ሲምፎኒ ጋር አድርጎ አውጥቶታል። ጥሩ ነው፣ ግዙት። የፎርት ስሚዙ ውስጥ ግን ሌላ የትም የማይገኝ ነገር አለ። ተጫዋቾቹ የያዙትን ሙዚቃ ከእነሱ በፊት ማንም ሰምቶት አያውቅም። እንዴት መሆን አለበት የሚል ቅጂ በጆሯቸው የለም። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ «ዌድ ኢን ዘ ዋተር» የሚለው የጥቁሮች መንፈሳዊ መዝሙር ብቅ ይላል። ወደ ውሃው ግቡ እንደማለት ነው። እየተጠነቀቁ ነው የሚገቡት። ጥልቀቱን በእግሩ እንደሚለካ ሰው። እኔ ያንን ጥንቃቄ ወድጄዋለሁ።

ናክሶስ ላይ ቅሬታ ካለኝ የቡክሌቱ ጽሑፍ ደቃቅ መሆኑ ነው። በሌሊት መብራት መነጽር አውልቄ፣ አድርጌ፣ አውልቄ ነው ያነበብኩት። ይዘቱ ግን ይጠቅማል። ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት አራት።

ሽማግሌው የሙዚቃ መምህር እስካሁን ዝም ያሉ መስሏችሁ ይሆናል። ዝም አላሉም። እሳቸው ነገሩን የሚያዩት በሉዊቪል በኩል ነው። ቤታቸው መደርደሪያ ሙሉ የሉዊቪል ሸክላ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኬንታኪ ውስጥ የሉዊቪል ኦርኬስትራ በ1940ዎቹ መጨረሻ ገንዘብ አጥሮት ሊዘጋ ደርሶ ነበር። የከተማው ከንቲባ ቻርልስ ፋርንስሊ አንድ ሐሳብ አመጡ። ውድ እንግዳ ሶሎይስት (ለብቻው የሚጫወት ታዋቂ ሰው) ማምጣት ይቅር፤ በዚያ ገንዘብ በሕይወት ያሉ ደራሲዎች አዲስ ሥራ ይጻፉልን። መሪው ሮበርት ዊትኒ ተስማማ። በ1953 የሮክፌለር ፋውንዴሽን 400,000 ዶላር ሰጠ። አዲሱን ሥራ እያስጻፉ፣ እየተጫወቱ፣ «ፈርስት ኤዲሽን» በሚል ስም በሸክላ እያተሙ በደንበኝነት ይልኩት ጀመር። አሜሪካዊው ደራሲ ኤሊየት ካርተር ለኦርኬስትራ የጻፈው ቫሪዬሽንስ የሚባለው ሥራ የወጣው ከዚያ ነው።

«ተጫዋቾቹ ይሳሳታሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በደንብ ይሳሳታሉ» አሉኝ። «ግን ሌላው አልተጫወተውም። ያልተጫወተ ሰው አይሳሳትም።»

የእሳቸው ሰው የሙዚቃ ደራሲው ፒተር ሜኒን ነው። በ1923 ኢሪ፣ ፔንሲልቬንያ ተወለደ። ዘጠኝ ሲምፎኒ ጽፏል። ከ1962 እስከ ሞተበት 1983 ድረስ የጁሊያርድ፣ የኒው ዮርኩ ታዋቂ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ፕሬዚዳንት ነበር። ስድስተኛውን ሲምፎኒ ያስጻፈው ሉዊቪል ነው፣ ሸክላውም አለ። ሽማግሌው በፕራይስ ትንሽ ይቀናሉ። «ለእሷ ጣሪያው የተቀደደ ቤት ተገኘላት» ይላሉ። «ለሜኒን ምን ይገኝለታል? ኖታው በሥርዓት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ ማንም አልጣለው፣ ማንም አላገኘው።» ነርሷ ተቆጣች። የጁሊያርድ ፕሬዚዳንት ከአንዲት ኦርጋን እየተጫወቱ ልጆች ካሳደጉ ሴት ጋር እንዴት ይወዳደራል አለች። እኔ መሐል ላይ ሆኜ የጎብኚ መዝገብ እሞላ ነበር። ሁለቱም እውነት አላቸው። ያን ሌሊት አንዱንም ደፍሬ አልነገርኳቸውም።

እንዲህ ዓይነቱን ቅጂ መፈለግ ለምትጀምሩ አንድ ነገር ልጠቁም። ሉዊቪልን ያገለገሉ ሸክላዎች መደርደሪያ ውስጥ፣ ማንም የማይገልጠው ጥግ ፈልጉ። ርካሽ ነው፤ ሽፋኑ ግን ሻጋታ ይሸታል። ሲ.አር.አይ. የሚል ምልክት ካያችሁም አትለፉት። በ1954 የተመሠረተ፣ ለትርፍ ሳይሆን የአሜሪካን ደራሲዎች ለማሳተም የቆመ ድርጅት ነበር። በ2003 ተዘጋ። ክምችቱን ኒው ወርልድ ሬከርድስ ተረክቦ እንደገና እንዲገኝ አድርጎታል። ያገለገለ ሲዲ ስትገዙ ደግሞ ሻጩን «ሳጥኑን ከፍተህ አይተሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ተምሬያለሁ።

ይሄን የምጽፈው ሲዲው እጄ ላይ ሳይኖር ነው። ሽማግሌው አራተኛውን ሲምፎኒ አንዴ በደንብ ልስማው ብለው ከወሰዱት ስድስት ሳምንት አለፈው። ስጠይቃቸው «ገና ሁለተኛው ክፍል ላይ ነኝ» ይላሉ። ለመያዣ የሜኒንን ሸክላ ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኛል። እኔ ደግሞ የሸክላ ማጫወቻ የለኝም።