ለደሴዋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምስጋና፣ ልጆቻቸውን ጀርባቸውን ለሚያማቸው ወላጆችም ጥቆማ

ደሴ ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል የምትሠራ አንዲት ወጣት ባለሙያ አለች። በአደባባይ ላመሰግናት ፈልጌ ነው ይህን የጻፍኩት። ስሟን እንዳልጠቅስ ለምናኛለች፤ «ሥራዬ ነው» ነው የምትለው። ሥራዋ መሆኑን አውቃለሁ። ሥራውን እንደ እሷ የሚሠራ ሰው ግን መመስገን አለበት፤ ልጁን ጀርባው የሚያመው ወላጅም ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት።

የአሥራ አራት ዓመት ልጄን ጀርባዋን ማመም የጀመራት ቁመቷ በድንገት መመዘዝ በጀመረበት ጊዜ ነው። ከትምህርት ቤት ወገቧን ይዛ ትገባለች። ቡና ለማፍላት በርጩማ ላይ ከተቀመጠች ከአቦሉ ሳታልፍ መነሳት ያምራታል። ጎረቤቱ ሁሉ መላ ነበረው፤ ግማሹ «ትተኛ»፣ ግማሹ «ወጌሻ ይያት»፣ ግማሹ «የዕድገት ነው፣ ይተዋታል» ይል ነበር። ነገሩን የደረሰችበት እህቴ ናት። ልጄ ስትሰግድ ከኋላዋ ተቀምጣ ሳለ፣ ለሩኩዕ ስታጎነብስ የጀርባዋ ቀኝ ጎን ከግራው ከፍ ብሎ አየችው።

ይህን ለባለሙያዋ ስነግራት «እህትዎ ትክክለኛውን ምርመራ ነው ያደረጉት» አለችኝ። የአከርካሪ አጥንት መጣመም፣ ማለትም ስኮሊዮሲስ፣ መጀመሪያ የሚፈተሸው እንዲሁ ነውና፤ ልጁ እግሩን ገጥሞ ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ መርማሪው ከኋላ ሆኖ የጎድን አጥንቶቹ በሁለቱም ወገን እኩል መሆናቸውን ያያል። ማንኛውም ወላጅ ቤቱ ሊያደርገው ይችላል።

እንቅስቃሴ ከማዘዟ በፊት ግን ብዙ ጠየቀች። ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳታል? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ አለ? እግሯ ይዝላል ወይስ ይደነዝዛል? ሽንቷን መቆጣጠር ያስቸግራታል? ይህን ሁሉ የጠየቀችው በእኔ በኩል አልነበረም፤ ልጄን ዓይን ዓይኗን እያየች ነበር የምታናግራት። ልጄ ስታፍር «አብሽሪ እህቴ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» እያለች ጠበቀቻት። ጥያቄዎቹ ለወግ የሚጠየቁ አይደሉም። በዚያው ሰሞን ጀርባው መሃል ላይ ጎበጥ ብሎ የሚያመው አንድ የሠፈራችን ልጅ አብሮን ሄዶ ነበር። ላብና መክሳት እንዳለበት ስትሰማ አንድም እንቅስቃሴ ሳታሠራው በቀጥታ ለቲቢ ምርመራ ላከችው። የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ቲቢ ሳንባን ብቻ ሳይሆን የአከርካሪ አጥንትንም ይበላል፤ መፍትሔው ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ልጁ አሁን መድኃኒቱን እየወሰደ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ያን ጀርባ አንድ ሰው በጉልበት አሽቶት ቢሆን ኖሮ ምን ይከሰት እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ የጎበጠ ወይም የተጣመመ አከርካሪ ግን ሳይመረመር በእጅ መነካት የለበትም።

የልጄ ራጅ ሲነሳ ኩርባው 22 ዲግሪ ሆነ። ባለሙያዋ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስታ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ለሁለታችንም አስረዳችን። ኩርባው 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኮሊዮሲስ ይባላል። ከመቶ ታዳጊዎች በሁለት ወይም በሦስቱ ላይ ይገኛል፤ በአብዛኞቹ ላይ ምክንያቱ አይታወቅም። ትልልቁ ኩርባ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ደብተር መሸከሙም፣ ውሃ መቅዳቱም፣ ጎበጥ ብሎ መቀመጡም አያመጣውም። ይህን ስትናገር ልጄ እፎይ አለች፤ ሰው ሁሉ «አቀማመጥሽ ነው» ሲላት ከርሟልና።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ቀጥሎ ስለተናገረችው ነገር ነው። «እንቅስቃሴው ሕመምሽን ይቀንሳል፣ ጡንቻሽን ያጠነክራል። አጥንትሽን ቀጥ ያደርገዋል ብዬ ግን አልዋሽሽም» አለቻት። ልጅ እያደገ ሳለ ኩርባው ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ከደረሰ አከርካሪን የሚደግፍ ቀበቶ እንደሚታዘዝ፣ ከ45 ወይም ከ50 ካለፈ ቀዶ ሕክምና እንደሚታሰብ ነገረችን። ከባድ የአከርካሪ ሕመም ያለባቸውን ወጣቶች ለቀዶ ሕክምና ወደ ጋና በመላክ የሚታወቁት የዶክተር ሪክ ሆድስ ሕሙማን እዚያ ደረጃ የደረሱ ናቸው። የልጄ ግን ገና ነው፤ ዕድገቷ እስኪያበቃ በየጥቂት ወሩ መታየት አለበት። እንዲህ ያለ እውነት ከነድንበሩ ሲነገር ሰው ያምናል፣ ይታዘዛልም።

እንቅስቃሴዎቹ ማሽን አይፈልጉም። ሰሌን ላይ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን ዘርግቶ መቆየት፣ ከዚያም መቀያየር። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ ወገብን ማንሳት። በጎን ተኝቶ በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ። የታፋን ኋላ ማሳሳብ። አንደኛው ከሁሉም ይለያል፤ ባለሙያዋ እጇን ጎድጎድ ባለው የጎድን አጥንት ላይ ታስቀምጥና «እጄን በትንፋሽሽ ግፊው» ትላታለች። ይህን የትንፋሽ ዘዴ የጀመረችው ካታሪና ሽሮት የምትባል ጀርመናዊት ናት፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 አካባቢ፣ የራሷ አከርካሪ የተጣመመ ስለነበር ለራሷ ፈልጋ ያገኘችው ነው። ልጄ ይህን ከሰማች ወዲህ የትንፋሹን እንቅስቃሴ ሳይነገራት ትሠራለች።

ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ እንደማትሰጥም አይቻለሁ። የላይኛው ጀርባቸው የጎበጠ ልጆችን ጋቢ ጠቅልላ ከጀርባቸው ሥር አድርጋ ደረታቸውን ታስከፍታቸዋለች። ኳስ ሲጫወት ወገቡን የሚያመውን ወጣት ደግሞ ወደ ኋላ መለጠጥን ከልክላ ለጊዜው ከሜዳ አስወጣችው፤ ደጋግሞ ወደ ኋላ መለጠጥ የታችኛውን አከርካሪ ሊሰነጥቅ ይችላልና። ስለዚህ እባካችሁ ከስልክ ላይ ቪዲዮ አይታችሁ ልጆቻችሁን አታሠሩ።

ኑሯችንንም ጠይቃ ነው የመከረችን። ሃያ ሊትር ጄሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ የደከመ ጡንቻ ያመዋልና በትንንሹ ከፍላ እንድትቀዳ፣ ቡናውን ከፍ ባለ መቀመጫ ላይ ሆና እንድታፈላ ነገረቻት። መተኛትን አልፈቀደችላትም፤ መንቀሳቀስ እንጂ መተኛት ጀርባን አያድንም ትላለች። ከምንኖርበት ከሐይቅ ከተማ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በየሳምንቱ እንድንመላለስም አላስገደደችንም፤ ልጄ ስትሠራ በስልክ ቀርጸን እንልክላታለን፣ እሷ ታርማለች።

ለውጡ የመጣው በዝግታ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻዋ ዝሎ አልቅሳለች። አሁን ሙሉ ቀን ተምራ ወገቧን ሳትይዝ ትገባለች፤ እስከ በረካው ተቀምጣ ታፈላለች። በመጨረሻው ራጅ ኩርባው አልጨመረም።

እህቴ ሆይ፣ ልጄን እንደ ሰው ስላናገርሽልኝ አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ፤ በእጅሽ ያለፉት ሁሉ ይመርቁሽ።

መሄድ የምትፈልጉ ወላጆች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የምትገኝበትን ክፍልና ቀን እነግራችኋለሁ። የቆየ ራጅ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ኩርባው መጨመር አለመጨመሩ የሚታወቀው ከበፊቱ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ሐይቅና አካባቢው ያላችሁ ብቻችሁን መሄድ የሚከብዳችሁ ከሆነ ለሚቀጥለው ቀጠሮ እኔና ልጄ ስንሄድ አብረን መሄድ እንችላለን።