ለሙዚቃ፦ ስልክ ወይስ ኤምፒስሪ ማጫወቻ?

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን ሙሉ በስልኩ ዘፈን የሚሰማ ሰው ጊቤ ላይ ባትሪውን ማየት ይጀምራል። ሲደርስ ደግሞ ለሚቀበለው ዘመድ መደወል አለበት። እኔ ማጫወቻውን የምመርጠው በዋናነት ለዚህ ነው።

ስልክ የራሱ ጥቅም አለው። ሌላ ዕቃ አትገዛም፣ ኔትወርክ ካለ ዩቲዩብም አለልህ። ግን በተደወለ ቁጥር ዘፈኑ ይቋረጣል።

ማጫወቻው ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ይገባል። ቁልፍ ያለውን ምረጥ፤ ኪስህ ውስጥ እንዳለ፣ ሳታየው፣ በአውራ ጣትህ ዘፈን ትቀይራለህ። የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ እንዳለውም እይ። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የተቀዳ ሙዚቃ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ስለዚህ 32 ጊጋ ካርድ በሺዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖችን ይችላል። ከዚያ የሚበልጥ ካርድ ከመግዛትህ በፊት ግን ማጫወቻው ያነበው እንደሆነ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክረው።

ከተጨማሪ ዕቃዎች ገንዘብህን ኢርፎን ላይ አውል። ጫፉ ጎማ የሆነውንና ጆሮህን በደንብ የሚገጥመውን ውሰድ። የአውቶቡሱን ሞተር ድምፅ ስለሚቀንስልህ ሙዚቃውን ብዙ አትጨምርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጣሪያ 80 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ሆኖ በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በጣም ያጥራል። ጆሮ አንዴ ከተጎዳ አይመለስምና እባክህ እዚህ ላይ አትሰስት።

ስልክህን ብቻ የምትጠቀም ከሆነ ፓወር ባንክ የግድ ነው። ለጅማ ዝናብ ደግሞ ዚፕ ያላት ትንሽ ላስቲክ ለሁለቱም ትበቃለች።