የጥርስ ቦንድ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ሄማ አለው? ኤምዲፒስ?

ኮምፖዚት (የጥርስ መሙያ) ስንገዛ ቀለም እናማርጣለን። መሙያውን ከጥርሱ የሚያጣብቀው ቦንድ ላይ ስንደርስ ግን ሻጩ ያመጣውን ነው የምንወስደው። ጠርሙሶቹን የሚለያቸው ውስጣቸው ያለው ሞኖመር (እርስ በርሱ ተያይዞ የሚጠነክር ሞለኪውል) ነው፤ ለገዢ ደግሞ ሁለቱን፣ ሄማንና ኤምዲፒን፣ ማወቅ ይበቃዋል።

ሄማ ውሃ ይወዳል። ሬዚኑን (የቦንዱን ሙጫ) ይዞ እርጥብ ዴንቲን (ከጥርሱ ውጫዊ ሽፋን፣ ከኢናሜል፣ ሥር ያለው ክፍል) ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው። ችግሩ፣ በላይት ከጠነከረ በኋላም ውሃ መሳቡን አይተውም፤ ቦንዱ በጊዜ ብዛት ይደክማል። ስስ የላቴክስ ጓንትንም በደቂቃዎች ውስጥ አልፎ የእጅ አለርጂ ያመጣል። ኤምዲፒ በጃፓኑ ኩራራይ የተሠራ ነው። ከጥርሱ ካልሲየም ጋር በኬሚካል ይያያዛል፤ የሚፈጥረው ጨውም በውሃ በቀላሉ አይሟሟም።

አድፐር ሲንግል ቦንድ 2 የተባለው ቦንድ ሄማና ቢስ-ጂኤምኤ የተባለ ሌላ ሞኖመር አለው፤ ኤምዲፒ የለውም። መጀመሪያ ጥርሱ በፎስፎሪክ አሲድ ኢች ይደረጋል (ላዩ ተበልቶ ይሻከራል)። ኢናሜል ላይ አይታማም። ዴንቲኑን ግን አየር ነፍታችሁ ድርቅ ካደረጋችሁት ኮላጅኑ (የዴንቲኑ የፕሮቲን መረብ) ይተኛል፣ ሬዚኑም መግቢያ ያጣል።

ክሊርፊል ኤስኢ ቦንድ ሁለቱንም ሞኖመር ይዟል። ፕራይመሩ (ቀድሞ የሚቀባው የመጀመሪያው ጠርሙስ) ራሱ ኢች ስለሚያደርግ የሚታጠብ ነገር የለም። ሁለተኛው ጠርሙስ ውሃ የለበትም፤ ከላይ ወፈር ያለ ሽፋን ይሰጣል። ጥልቅ ዴንቲን ለሚበዛበት ሥራ የኔ ምርጫ እሱ ነው። ኢናሜሉን ብቻ ቀድሞ በአሲድ መንካት ግን ይሻላል፤ የፕራይመሩ አሲድ እዚያ ላይ ለስላሳ ነው።

ስኮችቦንድ ዩኒቨርሳልም ሁለቱንም አለው፣ ያውም በአንድ ጠርሙስ። ለተጣደፈ ክሊኒክ ይመቻል። ሳይሌን (ከሴራሚክ ጋር የሚያያይዝ ኬሚካል) ተጨምሮበታል ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሳይሌን አሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ ብዙ ስለማይቆይ ለሴራሚክ ለብቻው ግዙ።

ጂ-ፕሪሚዮ ቦንድ ኤምዲፒ አለው፣ ሄማ ግን የለውም። እጁ በአለርጂ ለተቸገረ ባለሙያ መጀመሪያ የምጠቁመው ይሄን ነው፤ ሌሎቹ ሞኖመሮችም አለርጂ ሊያመጡ ስለሚችሉ ጥንቃቄው ግን አይቀርም። ሄማ ስለሌለ ማሟሚያው አሴቶን ሲተን ውሃው ከሬዚኑ ተለይቶ ጠብታ ይሠራል። ስለዚህ አምራቹ ለ5 ሰከንድ በከፍተኛ ግፊት አየር ንፉ ይላል። ኮምፕሬሰራችሁ ደካማ ከሆነ ባትገዙት ይሻላል። አሴቶኑ ስለሚተን፣ ክዳኑን ክፍት ትቶ የሚሄድ ረዳት ካለም እንደዚያው።

ሻጩ ሜጋፓስካል (የማጣበቅ ጥንካሬ መለኪያ) መቁጠር ከጀመረ፣ ቁጥሩ ከ24 ሰዓት በኋላ የተለካ ነው ወይስ ወራት ውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላ ብላችሁ ጠይቁት።