መዳመጫ፣ ሽቦ ወይስ ማሽን? ስስ የሸክላ ንጣፍ ለማውጣት የቱን ልግዛ

አዳማ ላይ ሸክላ የሚሠራ ሰው ሁለት ጠላት አለው፤ ነፋስና ያልተስተካከለ ውፍረት። ነፋሱን ምንም አናደርገውም። ከከተማው ዳር ተርባይን እያሽከረከረ መብራት የሚያመነጭ ነፋስ ነው። የእኔን በር ክፍት ካገኘማ የሳህኔን ጠርዝ ሳይውል ሳያድር አድርቆ ይቆለምመዋል። ውፍረቱ ግን በእጃችን ነው።

ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ይኮማተራል። እንደ አፈሩ ቢለያይም ከ10 እስከ 12 በመቶ የተለመደ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር የነበረው ወደ 18 ይወርዳል። ስሱ ቦታ ቀድሞ ይደርቅና ወፍራሙን ይጎትታል። ያኔ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ይጣመማል። ምጣድ የሚሠሩ እናቶች ይህን ሁሉ በመዳፋቸው ያውቁታል፤ ያለ መዘውር፣ ያለ ማሽን ያን የሚያህል ክብ እኩል አድርገው ያወጡታል። እኛ ያ እጅ የሌለን ነን ዕቃ የምንገዛው።

ሦስቱንም ሞክሬያለሁ። ዋጋ በቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ሳምንት አይሆንም።

መዳመጫና ሀዲድ

ከሁሉም ርካሹ ይሄ ነው። አንድ መዳመጫና እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት ጣውላዎች ይበቃሉ። ጭቃው መሃል ይቀመጣል፣ መዳመጫው ጣውላዎቹ ላይ ይሄዳል። ጣውላው 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ንጣፉ ከዚያ በታች አይወርድም። ባቡር ከሀዲዱ እንደማይወርድ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሀዲድ እላቸዋለሁ።

ሁለቱን ከተለያየ ቦታ አትግዙ። አናጺው ከአንድ ኮምፔንሳቶ ላይ ጎን ለጎን ይቁረጥላችሁ። 4፣ 6 እና 12 ሚሊ ሜትር ሦስት ጥንድ ካላችሁ ከስኒ ማስቀመጫ እስከ ትልቅ ትሪ ትሠራላችሁ።

ሰው የሚሳሳተው መዳመጫው ላይ ነው። የወጥ ቤቱ አጭር ነው፣ ሀዲዱ ላይ አይደርስም። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ንጣፍ ከፈለጋችሁ መዳመጫው እጀታውን ሳይጨምር ቢያንስ 45 ይሁን። የእንጨት ቶርኖ ያለው ቤት ከዋንዛ ያወጣላችኋል። የቢራ ጠርሙስ ለብስኩት ይሁን። ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ የሚገኘው 11 ሴንቲ ሜትር ፒቪሲ ቱቦም ይሠራል፤ ቀላል ስለሆነ ግን አሸዋ ሙሉበትና ሁለቱንም አፍ በክዳን ዝጉት። ከዚያ ክብደቱ ያግዛችኋል። ጥቁር የብረት ቱቦ አልመክርም። ይዝጋል፤ ዝገቱም ነጭ ሸክላ ላይ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

ጭቃውን ከመሃል ወደ ውጭ ዳምጡት፣ በየጊዜው አዙሩት፣ ገልብጡት። ከታች ሸራ አንጥፉ፤ ካልሆነ ጠረጴዛው ላይ ይለጠፋል።

ጉዳቱ ትከሻ ላይ ነው። በቀን አምስት ስድስት ንጣፍ ምንም አይል። ሠላሳ ሳህን የታዘዝኩ ቀን ግን ማታ ማበጠሪያ ማንሳት አቅቶኝ ነበር።

ሽቦ

ሁለት ዘንግ ላይ በእኩል ርቀት ጥርስ ታወጣላችሁ፣ በመሃላቸው ቀጭን ሽቦ ትወጥራላችሁ፣ በጡብ ቅርጽ በተዘጋጀ ጭቃ ውስጥ ትጎትቱታላችሁ። ሽቦውን ጥርስ በጥርስ እያወረዳችሁ በደቂቃዎች ውስጥ አሥር ንጣፍ ይወጣል። የጊታር ክር ለዚህ ግሩም ነው። ጭቃው ስለሚቆረጥ እንጂ ስለማይለጠጥ ኋላ ብዙም አይጣመምም።

ግን ጭቃው በደንብ መታሸት አለበት። ውስጡ የቀረ አየር ንጣፉ ላይ ቀዳዳ ይሆናል። የተፈጨ ገል ወይም ሻካራ አሸዋ ያለበት ጭቃ ከሆነ ሽቦው ጠጠሩን እየጎተተ ይቦጫጭረዋል። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ደግሞ አትመኑት፤ ሽቦው መሃል ላይ ሆድ ያወጣል። እኔ በ8 ቆርጬ በመዳመጫ ወደ 6 አወርደዋለሁ።

ማሽን

ከባዱ ወጪ እዚህ ነው። ማሽኑ በእጅ መዘውር የሚዞር ሮለር ያለው ጠረጴዛ ነው። ጭቃው በሁለት ሸራ መሃል ገብቶ ተዳምጦ ይወጣል። ለትዕዛዝ ሥራ የሚያህለው የለም። ቦታ ግን ይበላል፤ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ሰው አስቀድሞ በሜትር ይለካ።

ከውጭ ማስመጣት ከብዶኝ አንድ ብየዳ ቤት አሠርቼ ነበር። ቀለሙ ያምራል፣ መዘውሩም ልስልስ ያለ ነው። የመጀመሪያው ንጣፍ ሲወጣ ግራው 4፣ ቀኙ 6 ሚሊ ሜትር! ከዚያም አልፎ ንጣፉ ማዕበል ነበረው፤ ቱቦው ቶርኖ ስላልገባ ፍጹም ክብ አልነበረም። ሁለት ወር ተመላለስኩ። እናንተ የምታሠሩ ከሆነ ሮለሩ መጀመሪያ ቶርኖ ቤት ይግባ፣ ከዚያ ነው ብየዳው።

የተሠራ ስትገዙ ውፍረቱ የሚስተካከልበትን እዩ። በግራና በቀኝ ለየብቻ የሚዞር ብሎን ያለው ቶሎ ይዛባል። ሁለቱን ጫፍ በአንድ ሰንሰለት የሚያንቀሳቅሰው ይሻላል። ኮምፔንሳቶ እየደረቡና እየቀነሱ የሚሠሩበትም ቀላልና አስተማማኝ ነው። ሄዳችሁ ጭቃ አስገቡበት፣ ከአራቱም ጥግ ቁረጡና በካሊፐር ለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ካለፈ ተዉት።

ማሽን ጭቃውን በአንድ አቅጣጫ ነው የሚጎትተው። ስለዚህ አንዴ ካለፈ በኋላ ሩብ ዙር አዙሩና ድገሙት። 4 ሴንቲ ሜትር ጭቃ በአንድ ጊዜ ወደ 5 ሚሊ ሜትር አታስገድዱት፤ ደረጃ በደረጃ ይውረድ።

የፓስታ ማሽን የሚጠይቁኝም አሉ። ለጉትቻና ለቁልፍ መያዣ ካልሆነ ጠባብ ነው፣ ጠጠሩም ሮለሩን ይበላዋል።

ለጀማሪና ለቤት ሥራ መዳመጫና ሀዲድ። ተመሳሳይ ንጣፍ በብዛት ለሚያወጣ፣ ጭቃውም ለስላሳ ለሆነለት ሽቦ። ማሽን ትዕዛዙ በየሳምንቱ ለሚመጣለት ስቱዲዮ፣ ወይም ትከሻው እንቢ ላለው።

የቱንም ብትገዙ ሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ጨምሩበት። ጭቃ የተደረገበትን አይረሳም፤ ጠርዙን ይዛችሁ ካነሳችሁት ቀና ብታደርጉትም ምድጃ ውስጥ ተመልሶ ይታጠፋል። በሁለቱ ሰሌዳዎች መሃል አድርጋችሁ ገልብጡት፣ ፌስታል አልብሱት፣ በነፋሱ በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ።