ስፔን፣ ሎግሮኞ ከተማ ላይ ወይን የምትቀምሱ፣ ጠርሙሱን በጨርቅ ከሚጠቀልል ሻጭ ተጠንቀቁ

ወገን፣ ገና እርር ድብን እያልኩ ነው የምጽፈው። የሪዮሃን (ሎግሮኞ ያለችበት የወይን አካባቢ) የቅምሻ ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ፦ በነጻ ቅመሱ፣ የአያቴ ተክል ነው፣ ከዚያ ካርቶን አሸክሞ መሸኘት። ስድስት ጠርሙስ፣ አንዱን በ38 ዩሮ ገዛሁ።

መጀመሪያ ሻጩ ያረጀ የበግ አይብ አቀረበ (ሃሞን፣ ማለትም የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ ለማንበላው አይብ አያጡም)። የአይቡ ስብና ጨው የወይኑን ድድ አድራቂነት ስለሚያለዝብ ሻካራው ሁሉ አፍ ላይ ይለሰልሳል። ቀጥሎ ጠርሙሱን ከአንገቱ እስከ ወገቡ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ቀዳ። "እንዳይንጠባጠብ ነው" አለ። ብርጭቆውን ዘንበል ሳደርገው ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ያደላል፤ የቆየ ወይን ምልክት ነው። ሽታው ቅርንፉድ፣ ቆዳ፣ የደረቀ በለስ፣ ከስር ቫኒላ፤ ከዋጥኩት በኋላም ጣዕሙ ቶሎ አልለቀቀኝም። የቀዳልኝ ግራን ሬሴርቫ (ረጅሙን ጊዜ የቆየ የሪዮሃ ደረጃ) ነበር፣ እሱን አልክድም። ሪዮሃ ውስጥ ቀይ ወይን በዚህ ስም ለመሸጥ ቢያንስ 5 ዓመት መቆየት አለበት፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 2 ዓመት በኦክ በርሜል፣ 2 ዓመት በጠርሙስ።

"የምወስደው ይሄንኑ ነው?" አልኩት። "ይሄንኑ" አለና ከመጋረጃ ጀርባ በፕላስተር የታሸገ ካርቶን ጎትቶ አመጣ። እኔ ሞኙ "ቅደደውና ልየው" ማለት አቃተኝ። አይቡን እያላመጥኩ ካርዴን ሰጠሁት!

ማታ ስከፍተው ፊቱ ላይ በወርቅ ቀለም "ቪኛስ ቪዬሃስ" ይላል፤ ያረጀ ተክል ማለት ነው። ጀርባው ላይ ያለው፣ የወይኑን ደረጃ በቀለም የሚለየው የሪዮሃ ማኅተም ግን አረንጓዴ። ማታለያው እዚህ ላይ ነው፦ የተክሉ ዕድሜ ሌላ፣ የወይኑ ዕድሜ ሌላ። ያረጀ ተክል ጥቂት ዘለላ ስለሚይዝ ፍሬው ጣዕሙ የተጠራቀመ ይሆናል፤ ወይኑ በርሜል ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆየ ግን ቃሉ አይነግራችሁም። አረንጓዴው ማኅተም ደግሞ የማቆያ ጊዜ ግዴታ የለበትም። ስቀዳው ጠርዙ ሐምራዊ፣ ሽታው ትኩስ ቼሪ፣ ያለ አይብ ሲጠጣ ድድ ያደርቃል። በ7 ዩሮ ቢሸጥልኝ ምንም አልልም ነበር።

በነጋታው ስመለስ ዓይኑን በጨው አጥቦ ጠበቀኝ። ደረሰኙን ገለበጠና በጣቱ እየመታ "ቀይ ወይን፣ 6። ግራን ሬሴርቫ የሚል የት አለ?" አለኝ። እውነትም የለም። ካሼሯ ስልኳን እየነካካች፣ ቀና ሳትል "አይቡ ነው ያጣፈጠልህ" ብላ ሳቀች። እርር ያደረገኝ ከገንዘቡ ይልቅ ያ ሳቅ ነው፤ ዘዴውን እሷም ታውቀዋለች ማለት ነው።

ለምትሄዱ፦ ጨርቁን አስነሱና የጀርባውን ማኅተም እዩ። ማኅተሙ ቀይ ከሆነ ክሪያንሳ፣ ጥቁር ቀይ ከሆነ ሬሴርቫ፣ ሰማያዊ ከሆነ ግራን ሬሴርቫ ነው፤ የቆይታ ጊዜው በዚሁ ቅደም ተከተል ይረዝማል። የመጀመሪያውን ጉንጭ ከአይቡ በፊት ቅመሱ። ካርቶኑን እዚያው አስከፍቱ፣ ደረሰኙ ላይም የወይኑን ሙሉ ስምና ዓመቱን ሳታስጽፉ ካርዳችሁን አትስጡ።