ሩቅ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት እኚህን ጎሚስታ እዩዋቸው (ላስ ቬጋስ ላላችሁ)

ሰላም ቤተሰብ፣ ባለፈው የለጠፍኳትን የገደል ፎቶ አይታችሁ ያመሰገናችሁኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ከዛ ምስጋና ግማሹ የኔ አይደለም፣ የአንድ ጎሚስታ ነው። ቀልዴን አይደለም። ቬጋስ ታክሲ የምትነዱ ልጆች ሳታውቋቸው አትቀሩም፣ ስማቸውን እንዳልጽፍ ግን ጠበቅ አርገው ስለነገሩኝ ጋሼ እያልኩ ነው ምቀጥለው፣ አድራሻቸውን ለፈለገ በውስጥ እልካለሁ።

መጀመሪያ ፎቶዋን ያነሳሁበትን ቦታ ልንገራችሁ። ቶሮዊፕ ይባላል፣ ፓርኩ ቱዊፕ ነው ሚለው። ግራንድ ካንየን ነው፣ ግን ያ አውቶብስ ሙሉ ቱሪስት ሚራገፍበት፣ አይስክሬም ሚሸጥበት ግራንድ ካንየን አይደለም። በሰሜኑ በኩል፣ አሪዞና ውስጥ ፍሪዶኒያ ከምትባል ትንሽዬ ከተማ ወደ ምዕራብ 8 ማይል ያህል ትሄዱና ከአስፋልቱ ታጥፋችሁ 61 ማይል ፒስታ ነው፣ ወደ 98 ኪሎሜትር ማለት ነው። ውሃ የለም፣ ነዳጅ የለም፣ ምግብ ሚሸጥ የለም፣ ኔትወርክ የለም። መጨረሻ ላይ ያሉት ጥቂት ማይሎችማ መንገድም ማለት ይከብዳል፣ እንደ ደረጃ የተደረደረ ድንጋይ ነው። ከዛ መኪና አቁማችሁ ትንሽ ራመድ ስትሉ መሬቱ ያልቃል። በቃ ያልቃል። 3000 ጫማ፣ ወደ 900 ሜትር ቀጥ ያለ ገደል፣ ከስሩ ኮሎራዶ ወንዝ፣ አጥር የለ ገመድ የለ። ሌላው ጋ ሸለቆው በጣም ሰፊ ስለሆነ ወንዙን በጨረፍታ ነው ምታዩት፣ እዚህ ግን ጠባብ ስለሆነ ውሃው ከጫማችሁ ስር ነው። ፎቶ ለሚወድ ሰው ህልም ነው፣ እኔ ሶስት አመት ሙሉ ሳስበው ነበር።

ያስፈራኝ የነበረው ጎማ ነው። ፓርኩ ራሱ እዛ ከሚሄደው ሰው ከአራቱ አንዱ ጎማ ይበላሽበታል ብሎ ያስጠነቅቃል፣ መኪና ማስጎተት ደግሞ ከ1000 እስከ 2000 ዶላር። እኔ ደሞ በዛ ሰሞን ሁለት ወር ሙሉ ሌሊት ሰርቼ ነው ለሌንስ ያጠራቀምኩት፣ ለጎታች መኪና ልከፍለው አልፈልግም። ስለዚህ አንድ ትልቅ ጎማ ቤት ሄድኩ (ስሙ ይቅር)፣ አራቱንም አዲስ አስገጠምኩ፣ ስኮርታዬንስ ስላቸው አንዱ ልጅ ጎንበስ ብሎ አየት አርጎ «ጥሩ ነው» አለኝ። በቃ ጨረስኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

የአክስቴ ልጅ ነው ያዳነኝ፣ እሱ ታክሲ ነጂ ነው። «ጋሼ ሳያዩት እኔ ካንተ ጋር በረሃ አልገባም» አለ። እንደ ንዝንዝ ነበር የቆጠርኩት፣ እሱን ዝም ለማሰኘት ብዬ ሄድኩ።

ጋሼ ስልሳ አልፏቸዋል፣ ሱቃቸው ትንሽ ናት፣ ደጁ ላይ የተቆለለ ጎማ፣ ውስጥ አንድ ኮምፕሬሰር ሚጮህ። አዲሶቹን አራት ጎማዎች ዞር ብለውም አላዩዋቸውም። ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ሄደው መሬት ላይ ካርቶን አንጥፈው መኪናው ስር ገቡ፣ ስኮርታው እዛ ስር ነው ተንጠልጥሎ ያለው። የእጅ ባትሪ አብርተው ትንሽ ቆዩና «ና ግባ» አሉኝ። እኔ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር፣ ገባሁ። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሁፍ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች በጣታቸው አሳዩኝ፣ 3211 ይላል። «ይሄ በፈረንጅ 2011፣ ሰላሳ ሁለተኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ ከመኪናው ጋር አብሮ የመጣው ነው፣ አንድ ቀን መሬት ነክቶ አያውቅም፣ ግን ሞቷል» አሉኝ። በጥፍራቸው ጫን ሲሉት ጎኑ ላይ ያሉት ስንጥቆች አፋቸውን ከፈቱ። ከላይ ሲያዩት አዲስ ነው ሚመስለው እኮ፣ ጥርሱ ሙሉ ነው!

ይሄ ብቻ መሰለኝ። ከስር ወጥተን የመኪናውን የራሱን መፍቻ ሰጡኝና የፊቱን ጎማ ብሎን «በል ፍታ» አሉኝ። አልተንቀሳቀሰም። በእግሬ ቆምኩበት፣ ዘለልኩበት፣ ወይ ፍንክች። ያ ትልቁ ጎማ ቤት በንፋስ መፍቻው ሲያጠብቀው እስከመጨረሻው ነው የደቀደቀው፣ በረሃ ላይ ብሆን ስኮርታ ኖሮኝም ጎማ መቀየር አልችልም ነበር። ጋሼ ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩም፣ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። አራቱንም ጎማ አንድ በአንድ አላልተው በልኩ በእጅ አጠበቁልኝ። ስኮርታውን ማውረጃ ሰንሰለት ዝጎ ስለነበር እሱንም ፈተው ዘይት ሰጥተው መለሱት።

ከዛ ደግሞ ወንበር ስበው ተቀመጡና ስራውን ለኔ ሰጡኝ። ክሪክ እንዴት እንደሚገባ፣ ስሩ ጣውላ እንደሚደረግ (አሸዋ ላይ ክሪክ ይሰምጣል)፣ ስኮርታ ማውረድ፣ ጎማ መፍታት፣ መግጠም፣ ሁሉንም እኔ ነኝ የሰራሁት፣ እሳቸው ሻይ እየጠጡ «አይደለም፣ መልሰህ» ብቻ ነው ሚሉት። ሶስት ጊዜ አስደገሙኝ። አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ሚስማር መትተው ቀዳዳው በጎማ መድፈኛ ክር እንዴት እንደሚደፈን አሳዩኝ፣ መሬቱን ሚነካው ፊቱ ከተበሳ ይደፈናል፣ ጎኑ ከተቀደደ ግን አትድከም፣ አውልቀህ ስኮርታውን አስገባ አሉኝ። ፒስታው ላይ ስትገባ የጎማውን ንፋስ ከ35 ወደ 26 ፒኤስአይ አውርደው፣ ጎማው ድንጋዩን አቀፍ አርጎ ያልፋል፣ አስፋልት ስትመለስ ሙላው፣ ፍጥነት ደግሞ እንዳትሞክር አሉኝ። ትንሿን የእጅ ኮምፕሬሰራቸውን ከነክሩ አበደሩኝ፣ ያስያዝኩት ነገር የለም።

እንዲህ ሚያስጨንቃቸው ለምን እንደሆነ የአክስቴ ልጅ ነው በኋላ የነገረኝ። ጋሼ ልጅ ሆነው ደጀን ነው ስራ የጀመሩት፣ አባይ በረሃን ወርደው ወጥተው ለሚመጡ የጭነት መኪኖች ጎማ ሲለጥፉ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በዛ ጠመዝማዛ የመጣችሁ ታውቁታላችሁ። እኔም ጠየቅኳቸው፣ «ስኮርታ ሳይዝ አባይ የወረደ ሹፌር ስንት ቀን እዛው እንዳደረ እኔን ጠይቀኝ» ብቻ ብለው ወደ ስራቸው።

አንድ ያገለገለ ግን ደህና ጎማ ለስኮርታ ገጥመው፣ ያንን ሁሉ ሰርተው፣ ያስከፈሉኝ 60 ዶላር። ጨምሬ ስሰጣቸው ተቆጡኝ።

ጥቅምት ላይ አርብ ሌሊት ወጣን። ዩታ ውስጥ ባሉት ከተሞች በሴንት ጆርጅ፣ በሀሪኬን አርገን ፍሪዶኒያ ነዳጅ ሞላን። (ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ፣ ዩታ ስትገቡ ስልካችሁ አንድ ሰዓት ይጨምራል፣ አሪዞና ስትገቡ ይመልሰዋል፣ አሪዞና በበጋ ሰዓት ስለማይቀይር እኛ ጀንበር መጥለቂያን ስናሰላ ራሳችን ዞሯል።) ፒስታው መጀመሪያ ላይ ደህና ነው፣ ከዛ እንደ ቆርቆሮ ይሆናል፣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ የካሜራ ቦርሳዬን እንደ ህፃን ጭኔ ላይ ታቅፌ ነበር። የአክስቴ ልጅ ነው ሚነዳው፣ ዳዊት እየደገመ።

ድንጋያማው ላይ ልንደርስ ስንል ፊሽሽሽ አለ። የቀኝ የኋላ ጎማ፣ ጎኑ ላይ፣ አንድ ጣት የምታህል ቅድ። በቃ እዛ ላይ ነው ጋሼን ያየኋቸው ማለት እችላለሁ። ጣውላ፣ ክሪክ፣ መፍቻ፣ ብሎኑ ኧረ በአንድ እጅ ነው የተፈታው! ስኮርታው ወረደ፣ ገባ፣ ሰላሳ ደቂቃ አልፈጀም። ከኋላችን የመጡ ሁለት ፈረንጆች እርዳታ ትፈልጋላችሁ ወይ ብለው ቆመው ነበር፣ ጨርሰን ውሃ እየጠጣን ነው ያገኙን።

ጀንበር ስትጠልቅ ደረስን። ያቺ ፎቶ ግን የማታው አይደለችም፣ የጠዋቱ ናት። ለቀን ብቻ የገባ ሰው ጀንበር ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መውጣት አለበት፣ ንጋትን ማንሳት ምትፈልጉ የግድ የማደሪያ ፈቃድ አስቀድማችሁ ያዙ፣ ቦታዎቹ ከአስር አይበልጡም። ለቀንም ቢሆን ፈቃዱ በኦንላይን ቀድሞ ነው ሚገዛው፣ እዛ ደርሳችሁ በስልክ እገዛለሁ ካላችሁ ኔትወርክ የለም አልኳችሁ። ድሮንም ክልክል ነው፣ እንዳትሸከሙት።

ጠዋት አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጨለማ ውስጥ ትራይፖዴን ተከልኩ። ጫፉ ላይ መቆም ስላቃተኝ በደረቴ ተኝቼ ነው ወደ ታች ያየሁት፣ የአክስቴ ልጅ ቀበቶዬን ይዞ። ከታች በስተምዕራብ ላቫ ፎልስ ሚባለው፣ ወንዙ በድንጋይ መሃል እየተናጠ ሚወርድበት ቦታ፣ ድምፁ እስከ ላይ ይሰማል፣ እንደ ሩቅ ንፋስ ነገር። አጠገቡ ደግሞ ጫፉ ላይ ቩልካንስ ትሮን ሚባል የእሳተ ገሞራ ኮረብታ አለ፣ ድሮ ድሮ እዛ አካባቢ የፈላው ድንጋይ ገደሉን ወርዶ ወንዙን ገድቦት እንደነበር ጥቁሩ ድንጋይ ግድግዳው ላይ ፈሶ እንደደረቀ ሻማ ሆኖ ይታያል። ሰማዩ ሲቀላ ስሩ ገና ጥቁር ነው፣ በአንድ ኤክስፖዠር (በአንድ የብርሃን ልክ) አይያዝም፣ ስለዚህ ብርሃኑን እየቀያየርኩ ሶስት ሶስት እያረኩ አነሳሁ፣ የካሜራው ልክ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 11። ብርሃኑ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች እየላጠ ሲወርድ ጥሩዋ ሰዓት አስር ደቂቃ ብትሆን ነው። እቺን አስር ደቂቃ ነው እናንተ ያያችኋት።

ልንመለስ ስንል የፊት ጎማ ጎደል ብሎ አየነው። ስለታም ጠጠር ፊቱ ላይ ተሰክቷል። ሌላ ስኮርታ የለንም። ጠጠሩን በፒንሳ ነቀልኩ፣ ክሩን ወጋሁ፣ በጋሼ ኮምፕሬሰር ሞላሁ፣ ምራቄን ቀባሁበት፣ አረፋ የለም። እስከ ቬጋስ ድረስ ያው ነው የመጣው፣ አሁንም እየነዳሁበት ነው፣ ስመለስ ጋሼ ከውስጥ በኩል ደግመው ለጠፉልኝ እንጂ።

ፎቶዋን በትልቁ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው በጠርዙ ያዟት፣ ብዙ ቆዩባት። «ይሄ ታች ያለው ውሃ ነው?» አሉኝ። ኮሎራዶ ነው ጋሼ አልኳቸው። «ድልድይ የለውም?» አሉኝ። የለውም ስላቸው «ታዲያ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ጎማ ሲቀደድበት ምን ይሆናል» አሉና ሳቁ። አሁን ኮምፕሬሰሩ በላይ ሰቅለዋታል፣ አቧራ ለብሳለች፣ ሂዱና እዩዋት።

እውነቱን ለመናገር ያልወደድኩትም አለ። ቀጠሮ ሚባል ነገር አያውቁም፣ ስልክ አያነሱም፣ ጠዋት ካልሄዳችሁ ሁለት ሰዓት ልትጠብቁ ትችላላችሁ፣ ወንበሩ ደግሞ አንድ ነው፣ እሱም የሳቸው ነው። እሁድ ዝግ ነው፣ ቤተክርስቲያን ናቸው። ካርድ ይቀበላሉ ግን ማሽኑ ሁሌ አይሰራም፣ ካሽ ያዙ። ዛየንም ሂዱ፣ ዴዝ ቫሊም ሂዱ፣ ቤተሰብ ይዛችሁ ሎስ አንጀለስም ሂዱ፣ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ አሳዩዋቸው። ብቻ ከመሄዳችሁ በፊት የመኪናችሁን የኋላ እቃ መጫኛ ባዶ አርጉ፣ ስኮርታ ለማየት የህፃን ጋሪና የኮስኮ ካርቶን ማራገፍ በጣም ነው ሚያናድዳቸው።